ሙቀቷ አዳማ ነው

በታኅሣሥ ወር ደብረ ብርሃን ላይ ጎህ ሲቀድ መንደሩ ለጥቂት ጊዜ ይሰወራል። ጉም አይደለም። በየቤቱ የጓሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የቤት ማሞቂያ ፓምፖች ሌሊቱን የለበሱትን ውርጭ አቅልጠው የሚያራግፉበት ሰዓት ነው። ሙቀት የሚያድለው ማዕከል ሲያዛቸው ሁሉም እኩል ይተነፍሱና እንፋሎቱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። በዚያ ሰዓት ደጅ የተገኘ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ሰላምታም በድምፅ ብቻ ነው። «ማነሽ?» «እኔ ነኝ።» «እንዴት አደርሽ?» «ይመስገነው፣ አንቺስ?» ይባባላሉ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው ሳይተያዩ። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ይህ ነገር የሚገርመው ሰው ከመንደሩ ከጠፋ ቆይቷል።

ስንዱንም አይገርማትም ነበር። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ከተሰቀለው የፓምፑ አካል ማጣሪያውን አውጥታ ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች፤ ፀሐይ እንዳያጣምመው ጥላ ላይ ታደርቀዋለች። ጠዋት ጠዋት፣ የእንፋሎቱ ሰዓት ሳይደርስ፣ ወደ ጓሮ ወጥታ ከውጪው ሣጥን ላይ ቅጠሉንና አቧራውን፣ በላዩ የተጋገረውንም ውርጭ በለስላሳ ብሩሽ ትጠርጋለች፤ እንደ ወረቀት የሳሱት ክንፎቹ እንዳይታጠፉ እጇን ቀለል አድርጋ። ለነዋሪ የተፈቀደው ይኸው ነው። ክዳኑ ታሽጓል፤ ሙቀቱን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ማዕከሉ ነው። ማጣሪያው ታጥቦ ወደ ቦታው ሲመለስ ፓምፑ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ስለ ጥንቃቄዎ እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ስንዱ» ይላል። ነፍሱን ይማረውና ባሏ በትዳር ዘመኑ ሁሉ ያላወጣውን ምስጋና ፓምፑ በየሳምንቱ ያወርድላታል።

ሙቀት የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ ነው። አንድ ሰው የተመዘገበበት ቤት አንድ ክፍል ይሞቅለታል፤ እሱም አሥራ አምስት ዲግሪ ላይ ይቆማል። ሰው ሲጨመር ዲግሪውም ይጨመራል። ስለዚህ በመንደሩ ውስጥ ስለ ሙቀት ብለው የሚጋቡ አሉ፤ ስለ ሙቀት ብሎ ከተኳረፈው ወንድሙ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር አለ፤ ይህን ደግሞ በሐሜት ሳይሆን በግልጽ ነው የሚያወሩት። የስንዱ ባል በሞተ ቀን ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ቤቱ ቀዝቅዞ ነው የጠበቀው። ማዕከሉ ሟቹን ከመዝገብ የሰረዘው ቄሱ ፍትሐቱን ሳይጨርሱ ነበር። ሰው ሁሉ ኮቱን ሳያወልቅ እዝን በላ። ስንዱም ያን ዕለት ደንብ ነው ብላ ተቀመጠች።

ልጇ ረቂቅ የመጣችው ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። ትዳሯ አዳማ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ግን የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ሆዷን አስቀድማ ገና በበሩ ስትገባ ፓምፑ አየሩን አሸተተና «ቤቱ ውስጥ ተጨማሪ ትንፋሽ አለ። እንግዳ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ልጄ ናት» አለች ስንዱ።

«እንግዳ ተብሎ ተመዝግቧል። መልካም ቆይታ።»

እናትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። ለእንግዳ ሙቀት እንደማይታሰብ ያውቃሉ፤ ረቂቅ ድርሻዋ ወደ እናቷ ቤት እንዲዛወር አመልክታለች፤ እስክትወልድ መልሱ ይደርሳል ብለው ነበር። ሕፃኗ ግን መልስ አልጠበቀችም። ከቀኗ ቀድማ፣ ሚጢጢ ሆና ተወለደች። ከሆስፒታል ሲያሰናብቷቸው ነርሷ ስንዱን ለብቻዋ ጠራቻትና አንዲት ትንሽ ቴርሞሜትር እጇ ላይ አኖረች።

«እማማ፣ ክብደቷ አነስተኛ ነው፤ ራሷን ማሞቅ ገና አትችልም። ይህን አልጋው አጠገብ ይስቀሉት፤ ከሃያ አራት እንዳይወርድ። ረጅም መንገድ ደግሞ ለጊዜው አይታሰብም።»

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። ቤቷ ውስጥ ሃያ አራት ዲግሪ ካየች ስንት ዘመኗ!

ቤት ሲደርሱ ፓምፑ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ጠበቃቸው።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አዲሷ ተጠቃሚ ከወላጆቿ ጋር በአዳማው ቤት ተመዝግባለች።»

«ልጅቷ ያለችው እዚህ ነው፣ እቅፌ ውስጥ» አለች ስንዱ። «ድርሻዋን ወደዚህ አዙሩልኝ።»

«የዝውውር ጥያቄ ቀርቧል። መልሱ በጥር ይደርሳል። የአዳማው ቤት ሙቀት ለሦስት ሰው እንዲሆን ከዛሬ ጀምሮ ከፍ ብሏል።»

«አዳማ ደግሞ ማን ሙቀት ጠየቀ? እዚያ ሰው በካናቴራ አይደል እንዴ የሚያድረው!»

«ሙቀቷ አዳማ ነው፣ ወይዘሮ ስንዱ። እዚያ ይጠብቃታል።»

እውነትም ይጠብቃት ነበር። የረቂቅ ባል ኢዮስያስ ማታ ሲደውል ላብ በግንባሩ እየወረደ ነው። የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ለገና ብቻ ነው፤ እስከዚያ ብቻውን የሦስት ሰው ሙቀት ይሞቃል። «መስኮቱን ሁሉ ከፍቼዋለሁ» አለ። «አጥፋልኝ ብለው አይሰማኝም፤ የሕፃኗ ነው ይለኛል። ምን ላድርግ እማዬ፣ በጣሳ ጨምሬ አልክላችሁ ነገር!» ስንዱ በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ረቂቅ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ደርባለች፤ አፍንጫዋ ጫፉ ቀልቷል። ቴርሞሜትሩ አሥራ አምስት ላይ ተቸንክሯል።

ከሰል አይታሰብም። የዘመኑ ቤት ነፋስ እንዳያሾልክ ተደርጎ የታሸገ ነው፤ ከሰል አቀጣጥለው በዚያው ያንቀላፉትን ሰዎች ማንም አልረሳቸውም። ጎረቤት ዘንድ መሄድም አይረባም፤ ሁሉም ያው በድርሻው ነው፣ ገሚሱም ብቻውን የሚኖር። የቀራቸው ሕፃኗን ከእናት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ እናት እየተቀባበሉ በገላቸው ማሞቅ ነበር።

በማግሥቱ የመንደሩ ሴቶች ገንፎ ይዘው መጡ። አዝማቻቸው እትዬ ዘነበወርቅ ነበሩ። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው፣ አፋቸው ግን የማይደክም፣ በመንደሩ አራስ ሁሉ ላይ የማዘዝ ሥልጣን ያላቸው ሴት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገና ሳይቀመጡ ቀና ብለው ፓምፑን አዩት።

«ይሄ ነገር አራስ ላይ ይነፋል?»

«የሚነፋው ሙቅ ነው፣ እትዬ» አለች ረቂቅ።

«ነፋስ ነፋስ ነው። ሙቅ ሆነ ቀዝቃዛ አራስ ላይ አይነፋም! እኛ በር ስንደፍን፣ ቀዳዳ ስንወትፍ ነው የኖርነው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ነፋሱን አልጋችሁ ራስጌ ሰቅላችሁታል።»

ማንም አልተከራከራቸውም፤ ስንዱም ጭምር። ማጣሪያ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ ስለ ፓምፕ የምታውቀው ሁሉ በዚያች ቃል ፊት ተነነ። ነፋስ አራስን ይመታል፤ አለቀ። እትዬ ዘነበወርቅ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ ሁለት ሴቶች ወንበር ላይ ወጥተው ፓምፑን ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት። ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ።

«ይኸው» አሉ እትዬ ዘነበወርቅ ደስ ብሏቸው፤ «አሁን ገና አራስ ቤት መሰለ።»

ገንፎው ተበላ፤ ልጅቷ ተመረቀች፤ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወጡ።

የቤቱን መቀዝቀዝ ቀድማ ያወቀችው ረቂቅ ናት። ሰው ሲበዛ ቤቱ በትንፋሽ ሞቆ ነበርና ብርዱ የመጣው ተደብቆ ነው። «እማዬ፣ እስቲ እግሯን ንኪው» አለች። ስንዱ ነካችው፤ በረዶ ነው። የሕፃኗ ከንፈር ዳር ዳሩን ጠቆር ብሏል። ማልቀስም ትታለች፤ ስንዱን ይበልጥ ያስደነገጣት እሱ ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ፓምፑ ላይ የሚበራውን ቁጥር አየች። ሠላሳ አንድ ይላል።

«ሠላሳ አንድ?» አለች። ስትናገር ትንፋሿ ይታይ ነበር።

ጋቢውን ጎትታ ጣለችው። በፓምፑ ቀኝ ጎን፣ ከወንፊቱ ጀርባ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነገር አለች፤ ሰዉ አፍንጫው ይላታል። ፓምፑ ክፍሉ ሞቀ፣ ቀዘቀዘ የሚለው በእሷ ነው። ጋቢው ውስጥ የታፈነው ሙቅ አየር እሷን አግሏታል፤ ፓምፑም ቤቱ የጋለ መስሎት ሥራውን አቁሟል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሙቁ አየር መጣ። ረቂቅ ልጇን ሸሚዟ ውስጥ ከትታ፣ ከቆዳዋ ጋር አጣብቃ ጀርባዋን ታሻሻለች፤ ስንዱ ሁለቱንም ከላይ አቅፋለች። ብዙ ቆይቶ ሕፃኗ ቀጭን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።

እትዬ ዘነበወርቅ ሲነገራቸው እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «በገዛ ጋቢዬ!» አሉ ደረታቸውን እየደቁ። «በገዛ እጄ ልጨርሳት!»

«ይተዉት እትዬ፤ እኔም ቆሜ ሳይ ነበር» አለች ስንዱ።

እውነትም የተናደደችው በእሳቸው አልነበረም። ያ ሠላሳ አንድ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። የልጅ ከንፈር ጠቁሮ፣ የሰው ትንፋሽ እየታየ፣ ያ ሣጥን ቤቱ ጋለ ብሎ ይምላል! ለካ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው አፍንጫው ሥር ያለችውን አንዲት ጭብጥ አየር ነው። ማዕከሉም የሚያውቀው እሷኑ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ደንብ ነው እያለች የተቀመጠችው ለዚህች ጭብጥ አየር ኖሯል። በጣም ተናደደች። ንዴቱ ደግሞ እንደሌላ ጊዜው አላደከማትም።

ጠዋት እንደ ልማዷ ብሩሿን ይዛ ጓሮ ወጣች፤ ከሣጥኑ ላይ ውርጩን ጠረገች። መሬት ላይ ግን አልጣለችውም። በላስቲክ ከረጢት ሞልታ አፉን ቋጠረችው። ገብታ ወንበር ላይ ወጣችና በክር አስራ ፓምፑ ላይ አንጠለጠለችው፤ አፍንጫውን እንዲነካው አድርጋ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ረቂቅ ከአልጋ።

«ውሸት እያስተማርኩት ነው።»

መጀመሪያ አበላሸችው። ቁጥሩ ዱብ ብሎ ሁለት ገባ፤ ለስላሳው ድምፅም «የመለኪያ ብልሽት ሳይኖር አይቀርም፤ ባለሙያ ይጠራ?» አለ። ስንዱ «አይጠራ!» ብላ ከረጢቱን ነጠቀችው። ቀስ ብላ እንደገና ሞከረች። ውርጩን ቀነሰች፣ ከረጢቱን በጨርቅ ጠቀለለችው፣ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ጥቂት አራቅ አድርጋ አንጠለጠለችው። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደና ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሞተሩ አጉረመረመ። ክፍሉ አሥራ አምስት እስኪገባ መሥራት አለበትና ይሠራ ጀመር፤ ዘጠኝ ግን አሥራ አምስት አይሆንም። ከቀትር በኋላ አልጋው አጠገብ የተሰቀለችው ቴርሞሜትር ሃያ አራት አለች። ረቂቅ ካልሲዋን አወለቀች። ሕፃኗ እጇን ከመጠቅለያው አውጥታ ዘርግታ ተኛች።

ደግሞ ፓምፑ በሠራ ቁጥር ውጪው ሣጥን ላይ ብዙ ውርጭ ይጋገራል፤ ውርጩ ሲበዛ ለከረጢቱ ነው። ስንዱ ማታም ጠዋትም እየወጣች ትጠርጋለች፣ እያመጣች ታንጠለጥላለች። ፓምፑ የሚነገረውን ውሸት ራሱ ያመርት ጀመር። ቅዳሜ ማጣሪያውን ስታጥብለትም እንደ ወትሮው አመሰገናት።

ምሥጢሩን ያዩት እትዬ ዘነበወርቅ ብቻ ናቸው። የጋቢው ጸጸት አላስቀምጣቸው ብሎ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ አንድ ቀን ቀና ብለው ከረጢቱን አዩና አፋቸውን ያዙ።

«ስንዱ፣ ይነቅሉብሻል!»

ፓምፑ የተነቀለበት ቤት ቀዝቃዛ ተብሎ ይታሸጋል፤ ባለቤቱም አልጋ በአልጋ ወደተደረደረበት የጋራ አዳራሽ ይገባል። ይህን ሁሉም ያውቃል። በመንገዱ ማዶ አንድ እንደዚያ የታሸገ ቤት አለ፤ ልጆች እንኳ በሩን አይነኩትም።

«ይንቀሉት» አለች ስንዱ። «እስኪነቅሉት ድረስ ግን ትሞቃለች። እርስዎስ? ያ ጉልበትዎ በዚህ ብርድ… ላድርግልዎት?»

«እኔን ተዪኝ። ብቻዬን የምኖር ሴት፣ ቢይዙኝ ማን አለኝ?» አሉ እትዬ ዘነበወርቅ። እንዲህ ይበሉ እንጂ ወደ ቤታቸው ለመሄድ አልቸኮሉም፤ ጉልበታቸውን ወደ ሙቁ አየር አዙረው ብዙ ተቀመጡ።

የማዕከሉ ተቆጣጣሪ የመጣው የሕፃኗ ጉንጭ ሞላ ሞላ ማለት ሲጀምር ነው። በጠራራ ፀሐይ በሩን አንኳኳ። አቤኔዘር የሚባል ወጣት ነው፤ ድካም የሚታይበት፣ የሰው በር ማንኳኳት የሰለቸው።

«እማማ፣ ከማዕከሉ ነው። ይህ ቤት የአንድ ሰው ነው፤ የሚበላው ኃይል ግን የአራት ሰው ሆኖ አገኘነው።»

«ግባና እየው» አለች ስንዱ። «መጀመሪያ እጅህን ተለቃለቅ። አራስ ቤት ነው።»

ተለቃለቀ። ሲገባ ሙቀቱ ተቀበለውና ሳያስበው የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ረቂቅን ሲያይ አቀርቅሮ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፤ «አሜን» አለችው። ከዚያ ቀና ሲል ከረጢቱን አየው። ጠጋ ብሎ አንጋጠጠ።

«ይሄ… በረዶ ነው?»

«ውርጭ ነው። ከዚያው ከፓምፑ የተጠረገ።»

አቤኔዘር ሳቁ መጣበትና አፈነው። ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ ወንበር ሳበ።

«እማማ፣ ላስረዳዎት። ባለፈው ይኸው ፓምፕ ሠላሳ አንድ አሳይቷል፤ ያን ጊዜ ጨርቅ ለብሶ እንደነበር ገብቶኛል። ይሄም እንደዚያው ሳያውቁ የተደረገ ነው ካሉኝ እኔው ዘንድ ያልቃል። ከረጢቱን አነሣለሁ፣ ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ፣ እሄዳለሁ። አውቄ ነው ካሉ ግን ጉዳዩ ችሎት ይቀርባል። ጥር ላይ ይታያል፤ ከፈረዱብዎት ፓምፑ ይነቀላል። በዚያ ላይ ክሱ ነገ ጠዋት በከተማው ፓምፕ ሁሉ ይነበባል። በስምዎ፣ በየሰዉ ቤት። ሰው እንዲያፍር ነው እንዲህ የተደረገው። እባክዎ ሳላውቅ ነው ይበሉኝ።»

«ከረጢቱን አሁን ካነሣኸው ልጅቷ ዛሬውኑ ይበርዳታል።»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ እማማ።»

«እኔም አላወጣሁትም።» ስንዱ ሕፃኗን ከረቂቅ ተቀብላ ታቀፈቻት። «አውቄ ነው ካልኩስ? ከረጢቱ ምን ይሆናል?»

«እስከ ችሎቱ እንዳለ ይቆያል። ማስረጃ ስለሆነ እኔም ልነካው አልችልም፤ ፓምፑንም ማንም አይቀንሰውም።»

«እስከ ጥር።»

«እስከ ጥር።»

«እማዬ፣ ተዪ» አለች ረቂቅ ከአልጋዋ ቀና ብላ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ሳላውቅ ነው በይው። ቤትሽን ሊያሽጉብሽ ነው! እኛ እንደምንም እንሆናለን፤ ደረቴ ላይ አሞቃታለሁ።»

ስንዱ ልጇን አየቻት። እንደምንም እንሆናለን የሚለውን ቃል ራሷ ስትለው ነው የኖረችው። ለቀስተኛው ኮቱን ለብሶ እዝን ሲበላ እንደምንም ሆናለች። ብርድ በመጣ ቁጥር ብቻዋን አንድ ክፍል ውስጥ ተኮራምታ እንደምንም ሆናለች። ይህች ልጅ ግን ገና ጉንጭ እያወጣች ነው፤ እንደምንም መሆን አትችልም።

«የምሰጠው ቃል በሙሉ ነው የሚነበበው?» አለችው።

«ቃል በቃል። አንድም አይቀነስም።»

«ደህና። ጻፍ።»

ድምፅዋ የአራተኛ ክፍል ድምፅዋ ነበር፤ ቃለ ጽሕፈት ስታጽፍ የነበረበት፣ እያንዳንዱን ቃል አስቀምጣ የምትሄደው። አቤኔዘር ክንዱ ላይ ያለውን ሰሌዳ ከፍቶ መጻፍ ጀመረ።

«እኔ ስንዱ፣ አውቄና አስቤበት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የልጅ ልጄን ለማሞቅ ይህን አድርጌያለሁ። ጻፍከው? ውርጩ ከውጪው ሣጥን ላይ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ክንፎቹ እንዳይታጠፉ ከላይ ወደ ታች። ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው አንድ ጭብጥ ነው። ከዚያ ከበዛ ፓምፑ ታመምኩ ብሎ ባለሙያ ይጠራል። አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ጻፍ። ከረጢቱ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ሁለት እጥፍ። አፍንጫው በቀኝ በኩል ነው፣ ከወንፊቱ ጀርባ። ከረጢቱ ከፊቱ ይንጠለጠላል፤ ጣት የምታሳልፍ ክፍተት ትተህ።»

የአቤኔዘር እጅ ቆመ።

«እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይሄ ሁሉ እኮ ይነበባል።»

«ቃል በቃል አላልከኝም?»

አያት። ነገሩ እየገባው ሲሄድ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ መጀመሪያ ፍርሃት፣ ከዚያ ለራሱም ያልጠበቀው ሌላ ነገር። ሕፃኗ በእንቅልፏ ከንፈሯን ጠባች። ወጣቱ ወደ እሷ ተመለከተ፣ ወደ ከረጢቱም ተመለከተ። ጨርቁ ረጥቦ ነበር።

«ሲቀልጥስ?» ሲል ጠየቀ። የጠየቀው ድምፅ የተቆጣጣሪ ድምፅ አልነበረም።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ስንዱ። «ጻፍ። ጠዋትና ማታ ይለወጣል።»

ጻፈ። መልሶ አነበበላት፤ አንድ ቦታ ላይ «ሁለት እጥፍ» የሚለውን ዘሎት ነበርና አስገባችው። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ አፏ አስጠጋ። ለመጨረሻ ጊዜ ይጠይቃት ዘንድ ደንቡ ያዛል።

«አውቀው ነው?»

«አውቄ ነው» አለች፤ ሕፃኗ እስክትባንን ድረስ ጮክ ብላ።

ክስ የሚነበበው ማለዳ ነው፤ የእንፋሎቱ ሰዓት ሳይደርስ፣ ሰው ሁሉ ገና ከቤቱ ሳይወጣ። ስንዱ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጎረቤቶቿን፣ ያስተማረቻቸውን ልጆች፣ ሰላምታ የምትለዋወጣቸውን ሰዎች ሁሉ በየቤታቸው ተቀምጠው ሲሰሟት አሰበች። ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥታ በሩ አጠገብ ቆመች። ለስላሳው ድምፅ ጀመረ። ሙሉ ስሟን ጠራ፣ መንደሯን ጠራ። ያው በየሳምንቱ የሚያመሰግናት ድምፅ ነው፤ ሲከሳትም ያው ነው። በለስላሳ ብሩሽ አለ። አንድ ጭብጥ አለ። በቀኝ በኩል፣ ከወንፊቱ ጀርባ አለ። ረቂቅ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ስንዱ የምታለቅስ መስሏት ጠጋ ብትል እየሳቀች ነው።

«…ጠዋትና ማታ ይለወጣል። ወይዘሮ ስንዱ ይህን ያደረጉት አውቀውና አስበውበት መሆኑን በቃላቸው አረጋግጠዋል። ድርጊቱ ክልክል መሆኑን እናስታውሳለን። መልካም ቀን።»

ዝም አለ። ስንዱ እፍረቱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። በእሱ ፈንታ ከግራ ጓሮ አንድ ድምፅ መጣ፤ ብረት ላይ የሚሄድ የብሩሽ ድምፅ፣ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ ጠንከር ብሎ። ቀጥሎ ከቀኝ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ። ጋቢዋን ደርባ በሩን ከፈተች።

እትዬ ዘነበወርቅ ከአጥራቸው በላይ ብቅ ብለዋል። በአንድ እጃቸው ብሩሽ ይዘዋል፣ በሌላው ባዶ ከረጢት። ከኋላቸው፣ በየጓሮው፣ ሰዎች ጎንበስ ብለዋል።

«አንቺ ስንዱ!» ብለው ተጣሩ። «ያቺ የፓምፑ ሴትዮ አፍጥና አነበበችው! ጨርቁ ስንት እጥፍ ነው?»

ብሩሾቹ ሁሉ ቆሙ። መንደሩ መልሱን ይጠብቅ ነበር።

«ሁለት!» ብላ ጮኸች ስንዱ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ተማሪ እንዲሰማ አድርጋ። «ሁለት እጥፍ! አፍንጫውን እንዳታስነኩት!»